ሰም የማይነካው ቀለም

ሴትዮዋ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ኮፈኑ እንዳይጫር የጋብቻ ቀለበቷን ኪሷ ከትታ፣ አንዲትን የእሽቅድምድም መኪና እንደ ሕፃን ጀርባ ቀስ እያለች በሰም ታሻለች። የመኪናዋ ቀለም ማት የሚሉት፣ የማያብረቀርቅ ጥቁር ነው፤ ሰም የነካው ቦታ ቅባት እንደፈሰሰበት ያበራል፣ እንደ አዲስ ካልተቀባም አይድንም።

የማቆሚያው ዘበኛ ይህን ስለሚያውቅ ክው አለ።

«እትዬ፣ ይተዉት። ባለቤቱ ይቆጣሉ።»

«የባለቤቱ ባለቤት ነበርኩ» አለች ቀና ሳትል። «እኔንና ልጆቼን አስወጥቶ፣ ቤታችንን ሸጦ የገዛት ይቺን ነው።»

«ሰም ያበላሻታል እኮ።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። ሰሙ ለሷ ነው፤ ወርቁ ለሱ።»

ጨርቁን ደግማ ሰም አስነክታ፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ወደሚከፍተው የመኪናዋ በር ዞረች። አትቸኩልም።