ለማርሹ ብቻ የሚመጣው ሰው

የዚያ ዓመት የቅጠል መርገፊያ ወራት ደግ ነበር። ብርዱ ገና ጥርስ አላወጣም፤ የኮሌጁ ዛፎች እሳት መስለው፣ ቅጠላቸው በነፋስ እየበረረ ስታዲየሙ ድረስ ይገባል። በሩ ላይ ትኬት የምትቀበለው ዊልማ ሰውየውን መጀመሪያ ያየችው ያኔ ነው። ኦሃዮ ውስጥ፣ በኳስ ጨዋታ ቀን፣ የማንንም ቡድን ቀለም ያልለበሰ ሰው አይታ አታውቅም። እሱ ግን ቡናማ ካፖርቱን ደርቦ ይመጣል፤ የወንበሩን ቅጠል በባርኔጣው ጠርጎ ይቀመጥና፣ ሕዝቡ ሲጮህ ጋዜጣውን ያነባል። በዕረፍት ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ ቋሊማ ሻጩ ሲጋፋ፣ እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። ጥሩንባና ከበሮ ይዞ የሚሰለፈው የተማሪዎቹ ማርሽ ባንድ ሜዳ የሚገባው ያኔ ነዋ። ባንዱ ከሜዳ ሳይወጣ እሱ ቀድሞ ውልቅ ይላል።

አራተኛው ዓመት ላይ ዊልማ አላስችል አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ ኳሱ ምን በደለህ?»

«ከዳር ሁለተኛዋ፣ ጥሩንባ የምትነፋዋ፣ ልጄ ናት። ጥያት ስሄድ ገና አራት ዓመቷ ነበር።»

«ታዲያ ሄደህ አታናግራትም?»

«ካየችኝ ትንፋሿ ይሰናከላል፣ እማማ።»

«ትንፋሽማ ይመለሳል! ዘንድሮ ተመራቂ ናት፤ የፊታችን ቅዳሜ የመጨረሻ ጨዋታዋ አይደለም እንዴ? ከዚያ ወዲያ በየት አገር ልታገኛት ነው?»

ባርኔጣውን አሻሸ።

በመጨረሻው ቅዳሜ መጣ፣ ቅጠሉን ጠረገ፣ ተቀመጠ። ባንዱ ከሜዳ ሲወጣ ግን በዊልማ በር አላለፈም። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ተማሪዎቹ መሣሪያቸውን ከሚጭኑበት አውቶቡስ አጠገብ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ነው።