ባቡሩን ያስቆመች ሙሽራ

የልጅ ልጄ ትናንት ስልኩን አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። በሱዳኗ ገዳሪፍ ዳር፣ ከሰፈራችን አጠገብ ያለችውን አሮጌ የባቡር ጣቢያ አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ረጅም ውዳሴ ጽፎላታል። እንግሊዞች ናቸው የሠሯት፤ ሠራተኛውን ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤቱ አመላልሳለች፤ ዘርና ሃይማኖት ሳትለይ ሁሉን አገልግላለች ይላል። ልጁ "ሐቦባ፣ ይሄ ታሪክ ነው ወላሂ" አለኝ። ሐቦባ ሲል አያቴ ማለቱ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ግማሽ መንገድ ላይ ያልቅበታል። እኔ ሳቄ መጣ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

እንግሊዞች ሠሯት፣ ይሁን። ምኗን ሠሯት? አንዲት ክፍል፣ ከኒም ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ውኃው እንቁራሪት እንቁራሪት የሚሸት የሸክላ ጋን፣ ከተሰበረ ሐዲድ የተሠራ ደወል፤ በቃ። ጠዋት ይመጣል የተባለ ባቡር ከሰዓት ይደርሳል፤ ሲደርስም ለማንም አይቆምም። እንዲቆም የጣቢያው ኃላፊ፣ በአገሩ አጠራር ናዝሩ፣ ቀይ ባንዲራ ይዞ ሐዲዱ ዳር መቆም ነበረበት። አገልግሎት የተባለው ሁሉ ያቺ ቀይ ጨርቅ ነበረች። ናዝሩም ያችን ጨርቅ ይዞ ራሱን የአገር ገዢ አድርጎ ነበር። ኮፍያውን ካላጠለቀ የሰው ሰላምታ እንኳ አይመልስም።

ታላቅ እህቴ ይታይሽ የተዳረችው በዚያ ዘመን ነው። ሙሽራው ሾዋክ ከተማ ትራክተር የሚጠግን የጎንደር ልጅ ነበር። በወጉ ቢሆን ሚዜዎቹን አስከትሎ መጥቶ ይወስዳት ነበር። ዝናቡ ግን በዚያ ዓመት አልወጣም ብሎ ጥቁሩን አፈር ሊጥ አድርጎት፣ ሎሪው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ሙሽራው ደግሞ በማግስቱ ከአለቃው ጋር ለሥራ ወደ ፋው ይሄዳል፤ ከሄደ መከሩ ሳያልቅ አይመለስም። ስለዚህ ሙሽራዋን እኛው በባቡር ልናደርስ ተስማማን። ባቡሩ ካመለጠን ሰርጉ ቀረ ማለት ነው።

የሄድነው ይታይሽ፣ እኔ፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችና አጎታችን ማንደፍሮ ነበርን። አያ ማንደፍሮ ሰው ሲያየው ምራቁን እንኳ የማይውጥ ጿሚ፣ ሰው ሳያየው ደግሞ ያገኘውን የማይምር በላተኛ ነበር። በዚያ ጊዜ የእኛ ክርስቲያኖች ሙስሊም ያረደውን መብላት ሃይማኖት እንደ መለወጥ ይቆጥሩት ነበር፤ ሙስሊሞቹም የእኛን እርድ አይነኩም። ይሁን እንጂ አያ ማንደፍሮ ከገዳሪፍ ገበያ ጀርባ፣ ጆንያ ተከልሎ፣ የከሰል ጥብስ እንደሚያወራርድ እኛ ልጆች እንኳ እናውቅ ነበር። የገበያው አራጅ ደግሞ ሁሉም ሙስሊም ነው።

ጣቢያው ስንደርስ ናዝሩ ከኒሙ ሥር ምንጣፍ አንጥፎ ለፉጡር ተቀምጧል። ፉጡር የረፋድ ቁርስ ነው፤ በሱዳን ለፉጡር የማይቆም ሥራ የለም። ትሪው ላይ ኪስራ የሚሉት ስስ የማሽላ እንጀራና የበግ ወጥ ነበር፤ የተጠበሰው ሽንኩርት ሽታ እስከ ሐዲዱ ይደርሳል። በአገሩ ልማድ ሲበላ የተገኘ ሰው ኑ ብሉ ይላልና "ተፈደሉ" አለን። ደረትን ነክቶ ጠግበናል ማለት ይበቃ ነበር። አያ ማንደፍሮ ግን ሽማግሌዎቹ እየሰሙት መሆኑን ዞር ብሎ አየና፣ ደረቱን ነፍቶ በዐረብኛ እኛ ክርስቲያኖች ነን፣ የእስላም ሥጋ አንበላም አለው።

ናዝሩ ጉርሻውን አላምጦ ጨረሰ። ባንዲራውን ከጎኑ አንስቶ ጭኑ ሥር ወሸቀው።

"እንግዲያው ባቡሩም የእስላም ነው" አለ።

የባቡሩ ጩኸት ከከተማው በኩል ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ናዝሩን ለመኑት፤ ኪስራውን መቁረሱን ቀጠለ። አያ ማንደፍሮን ይቅርታ ጠይቅ አሉት፤ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። የአንዲት ልጅ ትዳር እያፏጨ ሲመጣ፣ አንዱ ጨርቁ ላይ ሌላው ኩራቱ ላይ ተቀምጠው የሚነሳ ጠፋ። ሁለቱንም የናቅኋቸው ያኔ ነው፤ ንቀቴ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ይታይሽ ከፊቷ ላይ ነጠላዋን ገለጠች። ጫማዋን አውልቃ፣ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ታጠበች።

"አያ፣ እርስዎ ገበያ ተደብቀው የሚበሉትን እኔ እዚህ በጠራራ ፀሐይ ልብላው" አለች።

በላችም። አንዴ፣ ደግማም ጎረሰች። ናዝሩ አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ባንዲራውን መንጭቆ ወደ ሐዲዱ ሮጠ። ኮፍያውን ምንጣፉ ላይ ረስቶት ነበርና መላጣውን ያየነው በዚያን ቀን ነው።

ባቡሩ ቆመ። ከሁሉ ቀድመው የተሳፈሩት ሽማግሌዎቹ ነበሩ። አያ ማንደፍሮ ጀርባውን ሰጥቶ እዚያው ቀረ፤ ይታይሽ ሃይማኖቷን በጉርሻ ሸጠች እያለ ስሟን ሲያጠፋ፣ ደጇን ሳይረግጥ ዓመታት አለፉ። ሙሽራው ግን ነገሩን ሲሰማ፣ እኔ ስንት ዓመት የበላሁትን እሷ አንድ ቀን ብትበላ ምን አለበት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ፋው ሄደ፤ ባል ሆኖ ሄደ።

አያ ማንደፍሮ ሲያረጅና ወዳጆቹ ሲሸሹት ያስጠጋችው ማን ናት? ይታይሽ። ጥርስ ስላልነበረው ሥጋውን አድቅቃ ታጎርሰው ነበር። ሥጋው የሾዋክ ገበያ ሥጋ ነው። ማን እንዳረደው አንድም ቀን አልጠየቀም።

ዛሬ ሐዲዱን ጭቃ ውጦታል፤ በናዝሩ ክፍል ፍየሎች ያድራሉ። ፍየሎቹ ይሻላሉ፣ ሰላምታ ለመመለስ ኮፍያ አይፈልጉም። ልጁ ከውዳሴው ሥር የምለው ካለ እንዲጽፍልኝ ጠየቀኝ። በዚህ ጣቢያ ባቡር ያስቆመች እህቴ ናት ብለህ ጻፍ አልኩት። ማን ያምናል ብሎ ሳቀብኝ። እንግዲያው ራሷን ጠይቃት አልኩና ሾዋክ አስደወልኩት። ይታይሽ የጣቢያዋን ስም ስትሰማ ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሰችውም።

"ያ ወጥ ጨው አልነበረውም" አለች። "ለባቡሩ ብዬ ነው የዋጥኩት።"