አማቴ ፊት በሎሽን አብረቅርቄ

ዛሬ ጠዋት ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ፍተሻው ላይ ቆሜ አንድ ትልቅ ሎሽን ተቀብቼ ጨረስኩ።

ወደ አዲስ አበባ የተነሳሁት ከእጮኛዬ እናት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልተዋወቅ ነው። አምሬ ልታይ ብዬ ትናንት ከተማ መሃል ካለው ሱቅ ውዱን ሎሽን ገዛሁና በእጅ ሻንጣዬ ከተትኩት።

አስተማሪ መሆኔን የምታውቀው ፈታሽ አወጣችው። "መምህር፣ ይሄን ያህል ትልቅ በእጅ አይገባም። ሻንጣ መቀበያውም ተዘግቷል። ወይ ለሸኚዎ ይስጡት፣ ወይ ይጣላል።"

የሸኘኝ ባጃጅ ነው፤ እሱም ሄዷል።

መጣሉ አንጀቴን በላው። እጄን፣ አንገቴን፣ ፊቴን ለቀለቅኩት። ከኋላዬ የተሰለፉትንም "እባካችሁ ተቀቡልኝ" እያልኩ ለመንኩ። አንዲት ትልቅ ሴት ብቻ እጃቸውን ዘረጉልኝና "በዚህ ሙቀት ትቀልጣለህ ልጄ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። እጮኛዬ ቤት ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል፣ ፊቴ ያብለጨልጫል። እናቷ ጉንጬን ሳሙኝና ቀስ ብለው ከንፈራቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

"ምነው እንዲህ አላበህ? እኛን ፈርተህ ነው?"

"አዎ" አልኩ። ከእውነቱ ይሻላል ብዬ።

አሁን እሳቸው ጓዳ ገብተው ለልጃቸው "ጨዋ ልጅ ነው፣ አፋር" ሲሉ እየሰማሁ ነው የምጽፍላችሁ። እናንተስ ፍተሻ ላይ "ከሚጣልስ" ብላችሁ ምን አደረጋችሁ? ብቻዬን አታስቀሩኝ።