የማድረቂያው ድምፅ

ቤተ ሙከራችን ውስጥ «ጠብታ» የምንለው ሰው አለ፤ አንዲት ጠብታ እንዳትባክንበት ሲንሰፈሰፍ ስለሚውል ነው። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው የምለው። እኔ የዕቃ ክፍሏ ሠራተኛ ነኝ፤ ምላሴ ቢረዝምም ድንበሬን አውቃለሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ያንኑ የመድኃኒት ዱቄት ሲሠራ ኖሯል። ማግኒዥየም የሚገባበት ሥራ ነው፤ ውሃ የሚባል ነገር አይወድም። ከመቶ ሰባ እጅ ምርት ያገኝ ነበር። ሚስቱ ሞታ፣ ሳምንት አርፎ ከተመለሰ ወዲህ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሠላሳም አልሞላ አለው። ኃላፊያችን «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ቤተ ሙከራ እንሰጠዋለን» አለ። ጋሼ እሺ አለ፣ በቃ። ያ ሥራ ከተወሰደበት ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ነገር እንደማይኖር ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማግኒዥየሙን ቀየረ። ማሟሚያ ፈሳሹን ከአዲስ ጠርሙስ ቀዳ። ቴርሞሜትሩን አመሳከረ፤ ሚዛኑን ሳይቀር ተጠራጠረ። ሃያ ስምንት። ሃያ ስድስት። ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ሲያሰፍር የሌላ ሰው የጫማ ቁጥር የሚጽፍ ነው የሚመስለው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ጓንት ላደርስለት ስገባ ክንዴ የማድረቂያውን ምድጃ ነካ። ቀዝቅዟል። ውስጡ ጠዋት ያጠባቸው ብልቃጦች ተደርድረዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳይሞቅ ነው እንዴ የምታደርቀው?»

«ማን አጠፋው?»

«አንተ ነህ እንጂ። ሁልጊዜ ጠዋት ዕቃውን ታስገባና ታጠፋዋለህ፣ በመስታወቱ አይሃለሁ። እኔ እኮ መብራት ቆጥቡ የተባለ መስሎኝ።»

ለዓይን የደረቀ ብልቃጥ እርጥበት ይዞ እንደሚቀር ለሠልጣኞች ሁሉ የሚያስተምረው እሱ ነው። በራሴ ተናደድኩ፤ ለማይረባ ነገር የማያርፈው ምላሴ ለዚህ ሦስት ሳምንት ተኝቷል።

ማብሪያውን ተጫነ። ማራገቢያው እምም ማለት ሲጀምር ጣቱ ተመልሶ ወደ ማጥፊያው ሄደ። ሁለታችንም አየነው። ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

«ሆስፒታል የባለቤቴ መተንፈሻ ማሽን እንዲህ ነበር የሚለው» አለ። «ሲያጠፉት አልነበርኩም። እዚህ ዱቄት እየመዘንኩ ነበር።»

ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም። ወንበር ስቦ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፤ ብልቃጦቹ እስኪደርቁም አልተነሳም።

ዓርብ ምርቱ ስልሳ ዘጠኝ ወጣ። ኃላፊው ጨበጠው፣ ሥራው እዚሁ ቀረ። ጋሼ አመሰገነ፤ ደስ ያለው ግን አይመስልም።

መውጫ ሰዓት ሲደርስ ጋዋኑን አውልቆ ጠራኝ። ምድጃው አሁንም እምም ይላል።

«አንቺ አጥፊው» አለኝ። «እኔ አጠገቡ ልቁም።»

መዳፉን ምድጃው ላይ አሳረፈ። አጠፋሁት።