ሸክላ ሠሪዎቹን የዘለለው ፎርም

ወረታ የገባሁት በዝውውር ነው። ከተማውን በቅጡ ሳልለምደው ክረምቱ ደረሰ፤ የርብ ወንዝም ሞልቶ የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቀው። መሥሪያ ቤታችን ጎርፍ የጎዳቸውን ቤተሰቦች መዝግቦ ሸራና ብርድ ልብስ እንዲያድል ታዘዘ። ኮምፒውተር ታውቃለህ ተብዬ ምዝገባው በእኔ ላይ ወደቀ።

በወረቀት ከሆነ ይጓተታል ብዬ የኦንላይን ፎርም አዘጋጀሁ። መተዳደሪያ ለሚለው ጥያቄ ሦስት ምርጫ አስቀመጥኩ፤ እርሻ፣ ንግድ፣ የእጅ ሥራ። ከዚያ ሊንኩን ቀድቼ የቀበሌ መዝጋቢዎች ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁ። የቀዳሁት ግን የመሙያውን ሊንክ ሳይሆን እኔ ፎርሙን የምሠራበትን ገጽ ሊንክ ነበር። «አይከፍትልንም» ሲሉኝ፣ ምን እንደላክሁ እንኳ ሳላይ፣ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ገብቶ ማስተካከል እንዲችል ፈቀድሁ። ተከፈተላቸው። አመሰገኑኝም።

በአራተኛው ቀን አንዲት ጠና ያሉ ሸክላ ሠሪ ቢሮ ድረስ መጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው።

«ልጄ፣ የምትመዘግበው አንተ ነህ አሉኝ።»

«አዎ እማማ፣ ይቀመጡ። የቀበሌ ሰዎች አልመጡም እንዴ?»

«መጥተዋል። ገበሬ ጎረቤቶቻችንን ጻፉ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ ስልካቸውን ነካክተው ሸክላ ሠሪ የሚባል እዚህ የለም አሉና አለፉን። የእኛን ሠፈር በሙሉ።»

«አለ እንጂ፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ» ብዬ ላሳያቸው ፎርሙን ከፈትሁ። የእጅ ሥራ የሚለው ምርጫ የለም። እርሻና ንግድ ብቻ ቀርተዋል።



«አንድ ሰው አጥፍቶታል» አልኋቸው።

«እንግዲያ መዝጋቢዎቹ ልጆች አልዋሹም» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ምርጫውን መለስሁ፣ ፈቃዱን ዘጋሁ፣ ትክክለኛውን ሊንክ ላክሁ። ግን ዝርዝሩ በዚያው ጠዋት ወደ በላይ አካል ተልኮ ነበር። ለአለቃዬ ሄጄ ነገርሁት።

«ማን እንዳጠፋው ልጠይቅ?»

«ምን ብለህ? በሩን የከፈትኸው አንተ ነህ። ሁሉም መግባት ይችል ነበር። ሰው ከሰው ታጣላለህ እንጂ ምንም አታገኝም።»

ያጠፋው ሰው በስህተት ይሁን፣ ሸክላ ሠሪ ከገበሬ እኩል አይጻፍ ብሎ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለማወቅም አልታገልሁም። የቀሩትን ሰዎች ዝርዝር በደብዳቤ ላክን፤ ደብዳቤው «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ያልተመዘገቡ» ይላል። ፈርሜበታለሁ። መልሱ በሚቀጥለው ዙር ይታያል የሚል ነበር። ሌላ ዙር አልመጣም። ያ ሠፈር ክረምቱን የወጣው ዘመድ ቤት ተጠግቶ ነው።

አሁን ማንኛውንም ፎርም ከመላኬ በፊት የሌላ ሰው ስልክ ለምኜ እከፍተዋለሁ፤ ሰው መሙላት እንጂ ፎርሙን መለወጥ እንደማይችል በዓይኔ ካላየሁ አልልክም። የሥራ ባልደረቦቼ ተጠራጣሪ ይሉኛል። ይበሉኝ።

በጥር ወር ሴትዮዋን ወረታ ገበያ ላይ ድስት ሲሸጡ አገኘኋቸው። ሰላም ብያቸው ጎንበስ አልሁ።

«እማማ፣ ያን ጊዜ በእኔ ጥፋት ነው ...»

«ቤቱን መልሰን ሠርተነዋል» አሉኝና ድስት ወደምታገላብጥ ገዢ ዞሩ።