ማሩ ተሻገረ፣ አያ ተድላ ቀሩ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን። በየጾሙ እየሄድኩ ሚዛን አጓድያለሁ፣ እርጥብ በርበሬ ከደረቅ ደባልቄ ሸጫለሁ፣ በሐሰት ምያለሁ እያልኩ ትንንሹን ሁሉ እዘረግፍላቸው ነበር፤ ይችን አንዷን ግን ሳልነካት እመለሳለሁ። ነጋዴ ነኝ፤ ምኑን ከላይ እንደምዘረጋ፣ ምኑን ከሥር እንደማስቀር አውቃለሁ። አሁን ዕድሜዬ ወደ ዘጠና ተጠግቷል። አንተ የምታነበው ሰው፣ ቄስ ባትሆንም ስማኝ።

ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ እኔ የቁይ ገበያ ጨው ነጋዴ ነበርኩ፤ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ፣ ሁለት አህያ ያለኝ። ጨዉን የማመጣው ከዓባይ ማዶ፣ ከበጌምድር ነው። ከሞጣ አልፈው ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ የጥንት ነገሥታት ያሠሩት የድንጋይ ድልድይ አለ። ያን ጊዜ መሃሉ ተሰብሮ ነበር። ጣልያን እንዳይሻገር አርበኞች ናቸው የሰበሩት የሚል አለ፤ የለም፣ ራሱ ጣልያን ነው የሚልም አለ። እኔ የማውቀው መሃሉ እንደሌለ ብቻ ነው። መንገደኛው ከብብቱ ሥርና ከወገቡ ላይ በወፍራም ገመድ ይታሰራል። በዚህ በኩል አምስት ስድስት ጎረምሳ፣ በዚያኛውም በኩል እንደዚሁ የገመዱን ጫፍ ይዘው፣ እነዚህ ሲለቁ እነዚያ እየሳቡ በአየር ላይ ያሻግሩታል። ከሥር ዓባይ ያጓራል። የጣልያንን ኬላና ፍተሻ የጠላ ሁሉ በዚያ ነበር የሚያልፈው። እኔም ጨዌንና ራሴን እያንጠለጠልኩ ስመላለስ ከገመድ ሳቢዎቹ ጋር ቤተሰብ ሆንኩ።

ወደ በደሌ ልምጣ። አያ ተድላ የሚባሉ ከቁይ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ ጤፋቸው የታወቀ፣ ቃላቸው የከበደ። ልጃቸውን ይታይሽን ወደድኩ። ጨው ልትገዛ መጥታ፣ «ይሄ ጨው ነው ወይስ የቤትህ ግድግዳ?» ብላ ስቃብኝ ከሄደች ወዲያ ሌላ ደንበኛ አልታይ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ፤ ሦስት ጊዜም መለሷቸው። «የዚህ ልጅ ቤቱ ያህያ ጀርባ ነው፤ ልጄን ከጨዉ ጋር ልጫናት?» አሉ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩኝ ራሳቸውም ሳቃቸው አምልጧቸው ነበር።

በዚያው ዓመት ከጥምቀት በኋላ አያ ተድላ ማዶ ያለችውን እኅታቸውን ሊጠይቁ ተነሡ። የሻረግ ትባላለች። እናታቸው ሞታ ያሳደገቻቸው ታላቅ እኅታቸው ናት፤ በጌምድር ተድራ እዚያው ቀርታለች። ድልድዩ ከተሰበረ ወዲህ አልተያዩም፤ አሁን ደግሞ ታማለች። መታመሟን አውቅ ነበር። ይህን ልብ በልልኝ፣ አውቅ ነበር። መንገዱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ፣ «ና ምራኝ» አሉኝ። መራኋቸው።

ገመዱ ዘንድ ስንደርስ ለእኅታቸው የያዙትን አንድ ማሰሮ ነጭ ማር አስቀድመን አሻገርን። እሳቸው ሲታሰሩ እኔ ወደ ሳቢዎቹ አለቃ ወደ ደምስ ጠጋ ብዬ፣ «መሃል ሲደርሱ አቁምልኝ» አልኩት። ለምን አላለኝም፤ አረቄ እንደማመጣለት ያውቃል። ለማዶኞቹም በእጁ ምልክት ሰጠ። ያዘዝኩት ግን እኔ ነኝ። ደምስ ያዋሰኝ እጁን ብቻ ነው።

መሃል ሲደርሱ ገመዱ ቆመ። አያ ተድላ እንደተሰቀለ ቋንጣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙ።

«ምን ሆነ?» ብለው ጮኹ።

«ተያዘ፣ አያ! ይህ ገመድ የሰው ቅሬታ ያለበትን አያሳልፍም ይላሉ። በሆድዎ ያለ ነገር ካለ ይናገሩ!»

እንዲህ ያለ ማንም የለም። እዚያው የፈጠርኩት ነው።

«የጎረቤቴን ድንበር አንድ ክንድ ገፍቻለሁ!»

«ሌላስ?»

«የሚዋጋ በሬ፣ ገራም ነው ብዬ ሸጫለሁ!»

«አልተላቀቀም፣ አያ!»

«በዐቢይ ጾም ቅቤ ቀምሻለሁ! አሞኝ ነው!»

ደምስ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ሌላስ?» አልኩ።

ቁልቁል ዓባይን አዩ። ከዚያ፣ «አንተን ነው! ልጄን ከልክዬሃለሁ! ውሰዳት!»

«በማን ይምላሉ?»

«በመርጡለ ማርያም!»

እጄን አነሣሁ። «ወዴት ልውሰዳቸው?» አለኝ ደምስ። ያኔ ወደ ማዶ ማለት እችል ነበር። አልኩ? አላልኩም። እሳቸው «ወደ ልጆቼ! ወደ ኋላ መልሱኝ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እኔም ሐሳባቸውን ሳይለውጡ ቁይ ላደርሳቸው ቸኩያለሁ። ወደ ኋላ ሳቧቸው። ማሩ ማዶ ቀረ።

ጾሙ ሳይገባ ተጋባን። ለጎረቤታቸውም ድንበሩን መለሱለት፤ ከዚያ ቀን ሥራዬ ደህና ፍሬ ያፈራ ቢኖር እሱ ነው። ዓባይን ግን ከዚያ ወዲያ መቅረብ አልቻሉም። ከፋሲካ በኋላ ለጨው ስሻገር የሻረግን ጠየቅኋት። ከአልጋዋ አልተነሣችም። «ማሩ ደረሰኝ፤ አንተስ? በልልኝ» አለችኝ። «ይመጣሉ» አልኳት። ቃሏን ሳደርስላቸው አያ ተድላ በማግስቱ ተነሡ፤ ከሞጣ ተመለሱ። ደግሞ ተነሡ፤ ቁልቁለቱ አፋፍ ደርሰው ፊታቸውን አዞሩ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ልቅሶዋን ቁይ ተቀመጡ።

ከሁሉ የሚብሰው ይኸውልህ፤ በየጽዋው ማኅበር ይመሰክሩ ነበር። «እግዜር በገመድ አንጠልጥሎ ልቤን መረመረው፤ ለዚህ ልጅ የከለከልኩትን አሰጠኝ» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ጠላዬን ይዤ እቀመጣለሁ። የገዛ ተንኮሉ የእግዜር ሥራ ሲባል ሰምቶ አሜን የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ነኝ። ብያለሁ። እስኪሞቱ ድረስ ብያለሁ።

ተጸጸትክ ወይ በለኝ እስቲ። እዚህ ላይ ነው የምቸገረው። ከይታይሽ ጋር ደስ ብሎኝ ኖሬያለሁ። ሰባት ልጅ ወልደናል፤ እስከ ዛሬም የምሸጠውን እያየች ትስቅብኛለች፤ ማታ ስተኛ ሆዴ ሞልቶ ልቤ ረክቶ ነው። የሻረግን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ይታይሽን ሳይ ደግሞ ያን ገመድ ዛሬም የማስቆመው ይመስለኛል። በደሉን ለይቼ እንዳልጸጸት፣ በደሉንና ይታይሽን ያገኘኋቸው በአንድ ትንፋሽ ነው። ይህ ንስሐ ይባላል? ለቄሱ ያልነገርኩትም «ዳግመኛ አላደርገውም በል» እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።

ባለፈው ጥር፣ ደብረ ማርቆስ የምታስተምረው ልጃችን አዲሱን ድልድይ ካላሳየኋችሁ ብላ ወሰደችን። ከሰባራው አጠገብ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ተሠርቷል። ሰው ከነፍየሉ ይሻገርበታል። ይታይሽ በምርኩዟ መሃል ድረስ ሄዳ ቆመች፤ ሰባራውን አየች።

«አባቴ ይህ ቢኖርለት አክስቴን ባያት ነበር» አለች። ደግሞም፣ «እግዜር ከያዘው ምን ይደረጋል» አለች።

አፌን ከፈትኩ። «ይወዛወዛል፣ እንሂድ» ነው ያልኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ እዚያው ቦታ ላይ!

ስለዚህ ጻፍኩት። ልጅ ነበርኩ አልልም። ጊዜው ክፉ ነበር አልልም፤ በጣልያንም አላሳብብም፣ የራሱ ይበቃዋል። አያ ተድላን በውሸት አስፈራርቼ ልጃቸውን ወስጃለሁ፤ የሻረግንም ወንድሟን እንደጠበቀች እንድትሞት አድርጌያለሁ። ይታይሽ ፊደል አልቆጠረችም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ልጃችን ይህን ታነብላታለች። እኔም ገበያ አለብኝ ብዬ አልወጣም፤ አጠገቧ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።