የኢፍቱ «በቃ»

ኢፍቱ በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አሸንፋ አታውቅም። ይህን የምናገረው ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷ ከሰው ስትተዋወቅ ከስሟ ቀጥላ የምትናገረው ስለሆነ ነው። ቀን ቀን አሰላ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ ናት። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደግሞ ከሥራ በኋላ ጂዩ ጂትሱ ትሠራለች። ምንድን ነው እሱ ለሚለኝ ሰው እንዲህ እላለሁ፦ ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም፤ መሬት ላይ ተያይዞ ተንከባሎ የሰውየውን ክንድ ወይም አንገት ቆልፎ «ተሸነፍኩ» እስኪል መያዝ ነው። አሰላ ግን ስፖርት ሲባል ሩጫ ብቻ ነው የሚገባት፤ በቆጂን የመሰለች ጎረቤት ይዛ ሌላ ምን ታስብ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቦርሳዋን አይቶ ሯጭ ነሽ እንዴ ቢላት፣ ሯጭ ብሆን ባጃጅ ምን ያደርግልኛል ብላ መለሰችለት።

እኔ መምህርት ነኝ፤ ከቡሬ ተመድቤ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ። ኢፍቱ «ቲቸር» ነው የምትለኝ። ሁለት ዓመት አብሬያት ተንከባልያለሁ። አንድ ቀን የጎድን አጥንቴ ቋ አለ፤ እኔም በቃኝ አልኩ። ለእኔ ቃሉ ቀላል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቦርሳ መያዝና መናደድ ሆኗል።

የምንሠራበት አዳራሽ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ ተደርድሮ በላዩ የጭነት መኪና ሸራ ተወጥሮበታል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮው ሥር ይገባል፤ ሐምሌ ላይ በባዶ እግር ሸራው ላይ መቆም ራሱን የቻለ ውድድር ነው። አሰልጣኛችን ፍቅረማርያም ይባላል፤ የስፖርት መምህር ነው፣ ይህን ነገር አዲስ አበባ ተምሮ ያመጣው እሱ ነው። መጀመሪያ የሚያስተምረው ማሸነፍን ሳይሆን መሸነፍን ነው። የተያዘ ሰው የያዘውን ሰው በእጁ ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ እጁ ከታፈነበት ደግሞ በአፉ «በቃ» ይላል። ያ ቃል ከተሰማ ወዲያው ይለቀቃል፣ ጨዋታውም ያልቃል። ከዚያ በኋላ አላልኩም፣ ተሳስቼ ነው ብሎ ነገር የለም። ይህን ሕግ ኢፍቱ ራሷ ለስንቱ አዲስ ልጅ አስተምራለች።

የኢፍቱ ችግር ጉልበት ማጣት አልነበረም፣ ሰው ማጣት እንጂ። ከወንድ ጋር አትያያዝም፤ ጸጉሯን በጠባብ ኮፍያ ሸፍና፣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ አውርዳ ከሴት ጋር ብቻ ነው የምትሠራው። ሴት ደግሞ አሰላ ላይ አይበረክትም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ይመረቁና ይሄዳሉ። ጁወይሪያ የምትባል ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ አርቦዬ ተድራ ሄደች። ሌላዋን መሥሪያ ቤቷ አዛወራት። እኔም አለሁ፣ ባለ ቋዋ። እያንዳንዷ በሄደች ቁጥር ኢፍቱ አዲስ መጪዋን ይዛ እንደገና ከአወዳደቅ ትጀምራለች። «እኔ እኮ እዚህም ክትባት ክፍል ነኝ፤» አለችኝ አንዴ፤ «ለሁሉም የመጀመሪያውን ዙር እሰጥና እሸኛለሁ።»

ሰባት ዓመት እንዲህ ሲኬድ ሰውነት ዝም አይልም። ግራ ጉልበቷ ደረጃ ላይ ይንቋቋል። ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሏታል፤ የብልቃጥ ክዳን ለመክፈት መጀመሪያ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራቸዋለች። ልጅ የሚያስከትቡ እናቶች አንገቷ ላይ የበለዘውን አይተው ባልሽ ነው ወይ ይሏታል። ባል የለኝም፣ በፈቃዴ ነው ስትላቸው ደግሞ ይብስባቸዋል።

ክፍሏ ውስጥ ግን ያየኋት ጊዜ ድካሟ ጠፋብኝ። ልጄን ላስከትብ ሄጄ ነው ያየሁት። መርፌው ገብቶ ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ገና ሳይጮህ፣ ትንፋሹን ሲይዝ፣ ጎንበስ ትልና «በቃ፣ በቃ፣ አለቀ» ትላለች። ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆኑ «ገሄ፣ ገሄ» ነው የምትለው፤ ያው በቃ ማለት ነው። ለሁሉም በቋንቋው። ከአፏ እንደሚወጣ ራሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

ስለ ሽንፈቶቿ ብዙ አላወራም። የመጀመሪያው አርባ ሰከንድ ፈጀ። አዳማ ላይ በሁለት ነጥብ ተበለጠች። አንዴ በረመዳን ጾም ላይ ገጥማ፣ እንኳን ሌላውን ራሷንም መሸከም አቅቷት ወደቀች። አንዴ ደግሞ ተጋጣሚዋ ሳትመጣ ቀረችና ዳኛው እጇን አነሳላት። እኔ እልል ልል ስል ቆጣ አለችኝ፤ ይሄ አይቆጠርም፣ ሰው ሳልይዝ ያነሳሁት እጅ ለባጃጅ ያነሳሁት ነው አለች። ቤቷም ገብታ ለእናቷ እንደዚያው ነገረቻቸው።

እናቷ አዴ ዙቤዳ ይባላሉ። ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ሲሸጡ የኖሩ፣ ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። ልጃቸውን ተዪ ብለው አያውቁም፣ በርቺ ብለውም አያውቁም። ያንን ወፍራም ነጭ የውድድር ልብስ አንድም ቀን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም፤ ኢፍቱ ራሷ ታጥባለች፣ ራሷ ታሰጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እያነከሰች ስትገባ በር ላይ ይጠብቁና «ዛሬም አልበቃሽም?» ይሏታል። እሷም ሁሌ አንድ መልስ ነው ያላት፦ «አንድ ጊዜ ላሸንፍ፣ እማ። ያን ጊዜ በቃ እላለሁ።»

ዘንድሮ አዲስ አበባ ላይ ውድድር አለ ሲባል ሰላሳ አራት ዓመት ሞልቷታል። ክብደቷ ከምድቧ እንዳያልፍ ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሾርባ ከረመች። ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍረን ከአሰላ ስንወጣ፣ ፍቅረማርያም ከፊት ወንበር ተኝቶ፣ እሷ መስኮቱን እንደተደገፈች አንድ ነገር ነገረችኝ።

«ቲቸር፣ ደክሞኛል። ሰው ዋንጫ ፈልጋ ነው ይላል። እኔ ማሸነፍ የፈለግኩት እንዳርፍ ነው። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቤቴ።»

ሳታሸንፊስ ብታርፊ ማን ይከለክልሻል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አውቃታለሁ፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ የምትተው ቢሆን ኖሮ ጣቶቿን ውሃ ውስጥ አትነክርም ነበር።

ተጋጣሚዋ ቢታንያ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ሆነች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ በየቀኑ ከአሥር ሴት ጋር ትለማመዳለች አሉን። ገና ከመጀመሪያው ልጅቷ እንደ እሳት ነው የገባችባት፤ ገፋቻት፣ ጣለቻት፣ ላይዋ ወጣች። ኢፍቱ ከሥር ሆና ታገሠች። ሌላ ጥበብ የላትም፣ መታገሥ ነው የምታውቀው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ቢታንያ ደከማትና ቸኮለች፤ የኢፍቱን ደረት ልትገፋ አንድ እጇን ዘረጋች።

ያንን የተዘረጋ ክንድ መያዝ ኢፍቱ ሰባት ዓመት ሙሉ ለሄዱት ሁሉ ያስተማረችው ነገር ነው። ደረቷ ላይ ታቀፈችው፤ ሁለት እግሮቿን በልጅቷ ላይ አሻግራ በጀርባዋ ተኛች፤ ከዚያ ወገቧን ቀስ አድርጋ ማንሳት ጀመረች። ክርኑ ተዘረጋ። ከዚህ መውጫ የለውም። ፍቅረማርያም ክንዴን ጨምቆ ይዞኛል፤ እኔ ቦርሳውን አቅፌ ቆሜያለሁ። ልጅቷ እልኸኛ ናት፣ መታ አላደርግም ብላ ጥርሷን ነከሰች። ከጉሮሮዋ አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። የአርባ አምስት ቀን ሕፃን መርፌ ሲገባበት፣ ከጩኸቱ በፊት የምትወጣውን የምትመስል።

«በቃ፣ በቃ፣» አለች ኢፍቱ። «አለቀ።»

ዳኛው አጠገቧ ተንበርክኮ ነበር። ወዲያው ሁለቱንም ይዞ አላቀቃቸው፣ ጨዋታውንም አስቆመ። ኢፍቱ አሸነፍኩ ብላ ፈገግ እያለች ተነሳች። ዳኛው መሃል አቁሟቸው የቢታንያን እጅ ሲያነሳ ፈገግታው ገና ፊቷ ላይ ነበር።

ፍቅረማርያም ሮጦ ገባ። ዳኛው ኢፍቱን በትሕትና፣ «እህቴ፣ በቃ ብለሻል አላልሽም?» ብሎ ጠየቃት። ፍቅረማርያም ዳኛው እንዳይሰማው በኦሮምኛ አላልኩም በይ አላት። ያ እውነተኛ ሰው እንዲህ ሲል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። ኢፍቱ ሁለቱንም አየቻቸው።

«ብያለሁ፤» አለች። «ግን ለሷ ነው።»

ዳኛው አዘነ፣ መቼም ሰው ነው። ሕጉ ግን ለማን ተባለ ብሎ አይጠይቅም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው አለ። እኔ በዚያች ሰዓት ያልተናደድኩበት ነገር የለም። በዳኛው ተናደድኩ፣ በልጅቷ ተናደድኩ፣ በአማርኛም ተናደድኩ። ልጅቷ የበቆጂ ልጅ ብትሆን ኖሮ «ገሄ» ብላ ታባብላት ነበር፤ ዳኛውም አይገባውም፣ ኢፍቱም ዛሬ ቤቷ አርፋ ተቀምጣ ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ጋ ቢታንያ ክርኗ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ይዛ መጣች። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አላደረገችውም፣ በእጇ ነው የያዘችው።

«እህት፣ እኔ ልል ነበር፤» አለቻት። «ቀደምሽኝ።»

ኢፍቱ ክንዷን ተቀብላ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ክርኗን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። ነገ ያብጣል፣ እንዳታሺው፣ ወጌሻ ጋ እንዳትሄጂ ብላ መከረቻት። ልጅቷ እንባዋ ወረደ። ኢፍቱ ግን አላለቀሰችም።

ስንመለስ አዳማን ካለፍን በኋላ፣ «እማን ምን እላታለሁ?» አለች፤ ያችን ብቻ።

ጋሪ ይዘን ሰፈራቸው ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አዴ ዙቤዳ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመዋል። ቦርሳው እኔ ትከሻ ላይ ነው፤ እሳቸው የሚያዩት የልጃቸውን ፊት ነው።

«በቃ አልሽ?» አሏት።

«አልኩ፣ እማ።»

የአዴ ዙቤዳ ፊት በራ። «አልሃምዱሊላህ፤» አሉ። «አሸነፍሽ በያ።»

ኢፍቱ ደፉ ላይ ተቀመጠች። የሆነውን እኔ ጀመርኩላቸው። እንዴት እንደያዘቻት፣ ልጅቷ እንዴት እንዳቃሰተች፣ ቃሉ እንዴት እንዳመለጣት፣ ዳኛው ምን እንዳለ፣ እየተቆጣሁ ነገርኳቸው። አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ልጅቷ ልታለቅስ ነበር?»

«ልታለቅስ ነበር።»

«እጇን ይዘሽው ነበር?»

«ይዤው ነበር፣ እማ።»

እኔ ኢፍቱን አየኋት፤ ምን እንደምትፈልግ ፊቷ ላይ ተጽፏል። ቃሏን እንዲቀበሏት ነው የምትፈልገው። ይሁን ልጄ፣ ብለሻል፣ በይ ግቢ እንዲሏት። ሰባት ዓመት የጠበቁት ቃል እኮ ነው፤ እንዴትም ይምጣ መጥቶላቸዋል። እኔ ራሴ እንደሚሏት አልተጠራጠርኩም።

«ይሄማ አይቆጠርም፤» አሉ አዴ ዙቤዳ።

ኢፍቱ ቀና አለች።

«ሰው ሳትይዢ የተነሳልሽን እጅ አልቆጥርም ብለሽኝ የለም? ይሄም ያው ነው። ልጅ ማባበል ነው እንጂ በቃ ማለት አይደለም። አይቆጠርም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ስትሸነፍ ያላለቀሰች፣ እዚያ ደፍ ላይ ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ፣ እንደ ልጅ። እጅ የገባ ዕረፍት ሲቀማ ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። አዴ ዙቤዳ አላባበሏትም። ቦርሳውን ከትከሻዬ ተቀበሉኝና ከፈቱት፤ ላብ የጠጣውን ነጭ ልብስ አወጡ። ክብደቱ ገርሟቸው አንዴ ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ከዚያ የቧንቧውን ውሃ ሳፋ ውስጥ ለቀው ራሳቸው አጠቡት፤ ጨምቀው ገመዱ ላይ ሲያሰጡት ሰማዩ ከጭላሎ በኩል ጠቁሯል።

«በዚህ ብርድ እስከ ማክሰኞ ከደረቀ ነው፤» አሉ።